የዓርቡ ቅጂ

በሥራ ቀን፣ ገና ፀሐይ መስኮቱን ሳትነካ፣ እታለም ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ ከሻንጣ የማይወጣውን ሰማያዊ ቀሚሷን ዘርግታ ስትተኩስ መቋጫ አየቻት። በዚያ ቤት የሚተኮስ የሰው ልብስ ጠፍቶ አያውቅም፤ እታለም የራሷን ስትተኩስ ግን ታይታ አታውቅም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሱቅም ሳሎንም ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ እጅጌና ኮሌታ ወንበሩ ላይ ተከምሮ፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ቢጠርጉት ቢጠርጉት የማያልቅ የክር ቁርጥራጭ። የኋለኛው ሁለት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን የያዘ መኝታ ነው፤ አንዷ ስትለብስ ሌላዋ አልጋ ላይ ካልወጣች መተላለፊያ የለም። እናታቸው ስትሞት እታለም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ መቋጫ ገና ዳዴ ትላለች። መቋጫ የሚለውን ስም ያወጣችላትም እታለም ናት፤ የእናታቸው የመጨረሻ ልጅ፣ የክሩ ማሰሪያ ማለቷ ነው። ከዚህ ቤት ውጪ በዚህ ስም የሚጠራት የለም።

«ማን ሞተ?» አለች መቋጫ፣ የጥርስ ብሩሿን ከአፏ ሳታወጣ።

«ሟርተኛ። ማንም አልሞተም፤ ተጋብዤ ነው።»

ካውያውን አቁማ ስልኳን አቀበለቻት። «ክቡር ደንበኛችን» ይላል መልእክቱ፤ «አዲሱን የደንበኛ ገጽዎን ከሁሉ ቀድመው አይተው አስተያየት እንዲሰጡን በአክብሮት ጋብዘንዎታል። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።» የላከው መቋጫ የምትሠራበት፣ የስፌት መኪና የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት ነው። እታለም መልእክቱ ከደረሳት አራት ቀን ሆኗታል፤ አራቱንም ቀን እንደ ልማዷ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ቆይታለች። ደውላ ምን ይዤ ልምጣ ብትላቸው፣ ምንም፣ ዓይንዎን ብቻ ይዘው ይምጡ ብለዋታል። «ዓይንሽን ይዘሽ ነይ ከተባልኩማ ብዬ፣ ይኸው» አለችና ከመሳቢያዋ መነጽር አወጣች፤ ከመንገድ ዳር በመቶ ሃያ የተገዛ፣ የዋጋው ወረቀት ገና ከጫፉ ያልተላጠ። አፍንጫዋ ላይ ሰክታ እህቷን ቁልቁል አየቻት። መቋጫ ትስቃለች ብላ ነበር። መቋጫ ግን የጥርስ ሳሙናውን አረፋ ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድርጅቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ደንበኛ ሁሉ የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ የመኪናው ቁጥር፣ መቼ ምን እንደተጠገነለት። ከሁሉ በታች «ማስታወሻ» የሚባል ባዶ ሣጥን አለ። ሣጥኑ የተሠራው ለቁም ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ግን እንደ ሽንት ቤት ግድግዳ ይጽፍበታል። «ጆሮው ከባድ ነው፣ ጩኹበት።» «ባሏን እንዳትጠይቋት፣ ጥሏት ሄዷል።» «ሚስቱ ካልመጣች ከእሱ ጋር ወገባችሁን አታድክሙ።» በዚህ ሙያ መቋጫን የሚያህል አልነበረም፤ የእሷ ማስታወሻ በምሳ ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከአምስት ወር በፊት ደግሞ ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ምን ይጨመርላችሁ ብለው ሲጠይቁ፣ ደንበኛው የራሱን ገጽ በስልኩ ይይ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበችው ራሷ ናት። «መኪናዬ ደረሰ ወይ» እያለ ለሚደውል ሕዝብ መልስ ስትሰጥ ድምጿ እየተዘጋ ስላስቸገራት ነው። ሐሳቡ ተወደደ፤ ስሟ በስብሰባ ተነሣ፤ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን ከመኪናዋ በላይ የሰቀለችው እታለም ናት፤ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ሳያነበው አይሄድም። ያን ጊዜ ለመቋጫ የማስታወሻው ሣጥን ትዝም አላላት።

ሻይዋን ሳትጠጣ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ እታለም፣ ዓይኗን ከቀሚሱ ሳትነቅል፣ «ብቻዬን ነው የምመጣው፤ አንቺ አትቸገሪ» አለቻት።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ጉልበቷን ከፊተኛው ብረት ጋር አጣብቃ ያንን ቀን አሰበችው። ሥራ በገባች በሦስተኛው ሳምንት እታለም የመኪናዋ ቺንጋ ተበጥሶባት መጣች። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ ክሩ ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ፣ ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ «መቋጫዬ!» ብላ ተጣራች። አዳራሹ ሙሉ ዞረ። የአጠገቧ ባልደረባ፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ቀይ የሆነችው፣ ከመዘገበቻት በኋላ ወደ መቋጫ ጠጋ ብላ፣ ሴትየዋ እህቴ እዚህ ትሠራለች እንዳለቻት፣ ያንቺ ከሆነች የቤተሰብ ቅናሽ ላስገባላት ወይ ብላ ጠየቀቻት። መቋጫ ሳቀች። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ታውቀዋለች፤ አጭር፣ በአፍንጫ የወጣ። ሰፈራችን ያለች ልብስ ሰፊ ናት፤ ለእሷ ሁሉም ዘመዷ ነው አለች። ባልደረባዋ እንዳትጠራጠርም ኪቦርዱን ራሷ ሳብ አድርጋ ጻፈች፤ «የሠራተኛ ዘመድ ነኝ ትላለች። አይደለችም። አትመኗት።» ከሥሩ ስሟና ቀኑ በራሱ ተመዘገበ።

በእህትማማቾቹ መካከል የነበረው አሥር እርምጃ ነው። እታለም ትስማ አትስማ አይታወቅም፤ ማታ ራት ቀርቦ ነበር፣ ወሬውም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጎረቤት ውሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እታለም ወደ ድርጅቱ ስትመጣ ሜትሯን አውልቃ፣ ቀሚሷን አራግፋ ነው። መቋጫ ፊት ስትደርስም «እንደምን ዋሉ» ትላታለች፤ በእጇ ያጠበቻትን ልጅ አንቱ እያለች። መቋጫ ይህን ለጨዋነት ቆጥራ ተገላገለች። ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው ሰው «እሺ የኔ እናት፣ እሺ የኔ ጌታ» ስትል ትውልና ቤት ስትገባ ምላሷ ያልቅባታል፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። ስለዚያ ቀን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳቸውም አላነሡም።

ቢሮ ስትደርስ ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ሰው አልነበረም። ገጹን ከፈተችው። ማስታወሻዋ እንደነበረ አለ፤ ከሥሩ ግን አይታው የማታውቀው ሌላ ማስታወሻ ነበር፣ የሌላ ሠራተኛ፣ ከአሥራ አራት ወር በፊት የተጻፈ። «ሞተር ለማስቀየር መጣች። የሠራተኛ ቤተሰብ ቅናሽ ጠየቀች። ከላይ ያለውን አይተን ከለከልናት። ‹ተሳስቼ ነው› ብላ ሙሉውን ከፈለች።» መቋጫ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያን ሰሞን የእታለም የጆሮ ወርቅ ከጆሮዋ ጠፍቶ ነበር። ስትጠይቃት «እያሳከከኝ አወለቅሁት» ነበር መልሷ፤ እሷም «እንኳን አወለቅሽው፣ ፋሽኑ አልፎበታል» ብላ መስታወቷን ስታይ ቆየች። የቤተሰብ ቅናሹ የዋጋው ግማሽ ነው።

የፈረቃ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ የማጥፋት ሥልጣን አላት። ሁለቱንም ማስታወሻ መረጠች። «በእርግጥ ይጥፋ?» ሲል ጠየቃት ኮምፒዩተሩ። አዎ አለች። ሣጥኑ ነጭ ሆነ፤ ምንም ያልተጻፈበት፣ ማንም ያልተካደበት። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ አዘዘች፤ ለቀይ ጥፍሯ ባልደረባዋም የጠዋት ቀልድ ነገረቻት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ፎቅ ላይ ወዳለው አዳራሽ ተጠራ። መጋረጃው አልዘጋ ስላለ በግድግዳው ላይ የሚታየው ምስል እንደ ታጠበ ጨርቅ ገርጥቷል፤ ከታች ከጥገናው ክፍል የማሽን ዘይት ሽታ ይመጣል፤ በየጠረጴዛው ብስኩት አለ። ፕሮግራሙን ልታሳይ የመጣችው ባለሙያ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ወጣት ናት። ይህ ገና ያልወጣ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ከመውጣቱ በፊት የእናንተን ዓይን ፈልገን ነው፣ ያልተመቻችሁን ሁሉ ንገሩን አለች። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ ተቀምጦ ለሁሉም «ይሁና» ይላል፤ ሠራተኛውም ከጀርባው የሚጠራው ይሁና ብሎ ነው። የጥገናው ሹም፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አዛውንት፣ ይህ ፕሮግራም ደንበኛው የምግብ ዘይት መኪናው ውስጥ እንዳይጨምር መንገር ይችል እንደሆነ ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያዋ ግን «ጥሩ አስተያየት ነው» ብላ ጻፈችው፤ ጋሼ ራሳቸው ደነገጡ።

ከዚያ አንድ ገጽ ለናሙና ከፈተች። ደንበኛው በስልኩ የሚያየው ይህንን ነው ብላ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው፤ ከሥር ማስታወሻው ብቅ አለ። «ሚስቱ ካልመጣች ከእሱ ጋር ወገባችሁን አታድክሙ።» መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየጠፋ ሄደ፤ እያንዳንዱ የየራሱን የጻፈው ትዝ ሲለው በፊቱ ላይ ይታያል። ቀይ ጥፍሯ ብስኩቷን ሳትነክሰው መልሳ አስቀመጠች። ይሁና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይሁና፣ ግልጽነት እኮ ጥሩ ነው አለ።

መቋጫ እጇን አወጣች። የእሷ ነገር በጠዋት ስላለቀ ድምጿ የሌላ ሰው ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ድምፅ ነበር። የሥራ ቋንቋ ለደንበኛ አይሆንም፣ ማስታወሻ የሠራተኛ ነው፣ ከደንበኛው ገጽ ላይ ይሸፈን አለች። ባለሙያዋ ደስ አላት፤ ለዚህ ነው የምንጠይቃችሁ፣ በዋናው ላይ ይሸፈናል አለች። ከዚያ ወረቀቷን ገልብጣ ጨመረችበት። የዛሬው ሙከራ ግን ከእንግዲህ አይነካም፤ የተዘጋጀው ባለፈው ዓርብ በተቀዳ መረጃ ነው፣ ከዓርብ ወዲህ የተጻፈም ሆነ የጠፋ ነገር እዚህ ላይ አይታይም።

የመቋጫ ሻይ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። በጠዋት ያጸዳችው ሣጥን ሌላ ሣጥን ነው፤ ከሰዓት እታለም የምትከፍተው የዓርቡን ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያለ ሰው ኮምፒዩተር ሳያይ ነው የተናገረው።

«ለከሰዓት የሚያሰጋ ገጽ ካለ መፍትሔ አለው» አለች ባለሙያዋ፣ ወደ መቋጫ እያየች። «የደንበኛውን ስምና ምክንያቱን ይንገሩኝ። ያንን ሰው ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«አለ እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ተናገሪ፣ እኛው በእኛው ነን።»

አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ቀይ ጥፍሯ አገጯን በእጇ ደግፋ ትጠብቃለች። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። የሚፈለገው ሁለት ቃል ነበር፤ «እህቴ ናት»። ሁለቱ ቃላት ግን ብቻቸውን አይወጡም፤ ሦስቱን ዓመት፣ የጆሮ ወርቁን፣ በአፍንጫ የወጣውን ሳቅ ሁሉ ጎትተው ነው የሚወጡት። የፈረቃ ኃላፊነቷ ገና ስድስት ወሩ ነው። ኋላ፣ ቀኑ ከመሸ በኋላ፣ ሁሉንም ስታስበው፣ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈችውን በልጅነቷ ታመካኘው ነበር። ይህችን ደቂቃ ግን በምን እንደምታመካኛት አጣች።

«ማንም የለም» አለች። «በጥቅሉ ነው የተናገርኩት።»

ይሁና፣ አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

በምሳ ሰዓት ጋሼ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር እጃቸውን በዱቄት ሳሙና ሲፈትጉ አገኘቻቸው። ያቺ ሞተር የቀየርኩላት ልብስ ሰፊ ዛሬ ከተጋበዙት ውስጥ ናት አሏት። የትኛዋ? አለች መቋጫ። ጋሼ ቧንቧውን ዘጉ።

«እኔ መኪና የማውቀው ከሩቅ በድምፁ ነው፣ ልጄ። የእናንተ ሳል ሳይቀር አንድ ነው» አሏት። እጃቸውን አራገፉ። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ወንበር አምጥቶ ማውረድን የከለከለ የለም።»

ለዚህ የሚሆን ደግ መልስ ነበር። ከመቋጫ አፍ የወጣው ግን «ጋሼ፣ እርስዎ ዘይትዎን ይቀቡ» የሚል ሆነ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሳይቀየሙ፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ። አለመቀየማቸው ነው የባሰው።

ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱ ተጋባዦች መጡ፤ አሥራ ሁለት ኮምፒዩተር በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱን ደንበኛ የሚያግዝ አንድ ሠራተኛ አለ። መቋጫ የእታለም ስም ያለበትን ሰባተኛውን ወንበር ራሷ መረጠች። ያሰበችው ቀላል ነው፤ አብራት ተቀምጣ፣ ገጹን እሷ እያንቀሳቀሰች፣ ታች ሳይደርስ ማቆም። እታለም በሰማያዊ ቀሚሷ ገባች። ቀሚሱ ላይ አንዲት ክር የለችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ፈተና ተማሪ ጀርባዋን አቃንታ፣ «እንደምን ዋሉ፣ የኔ እመቤት» አለች።

«እንደምን ዋሉ» አለች መቋጫ። እህቷን በሕይወቷ አንቱ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታውን በአንገቷ ብቻ ነበር የምትመልሰው።

ይኼ ስምዎ ነው፣ ይኼ ስልክዎ፣ ይኼ የመኪናዎ ቁጥር፣ ይኼ የተጠገነበት ቀን እያለች በጣቷ አሳየቻት። እታለም መነጽሯን ሰክታ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ማንበብ የተማረችው ከመቋጫ ደብተር ነው። ትንሿ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትተኛ ትልቋ ደብተሩን ገልጣ፣ መምህሩ ትክክል ያለበትን እያየች፣ በጠመኔ ቁራጭ መጥረጊያ ጨርቅ ላይ ትገለብጥ ነበር። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ የዘለለችው ፊደል ግን የለም።

«ይኸው ነው» አለች መቋጫ። «ከዚህ በታች ምንም የለም።»

«ያለ ይመስለኛል» አለች እታለም፣ በገጹ ዳር ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣቷ እየነካች። «ይቺ ገና አልወረደችም። ጫፉ ሳይታይ የሚቆረጥ ጨርቅ የለም፣ የኔ እመቤት።» አለችና ማውሱን ከእህቷ እጅ በእርጋታ ወሰደችው፤ ልክ ከሕፃን እጅ ላይ መቀስ እንደሚወስዱት።

ገጹ ወረደ። ጣቷን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ አነበበች። የመጀመሪያውን ማስታወሻ ጨርሳ ስሙንና ቀኑን አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሳ እንደገና አነበበችው፤ ስፌት ሲጣመምባት ወደኋላ ተመልሳ እንደምታየው ዓይነት። ከታች ከጥገናው ክፍል አንድ መኪና እየተሞከረ ይንጫጫል። መቋጫ «እታለም» የሚለው ስም ጥርሷ ጋ ደርሶ ተመለሰባት፤ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። እታለም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ንጹሕ ነበር።

«ፊደሉ ጥሩ ነው» አለች። «በደንብ ይነበባል።»

ይሁና በረድፉ መሐል ሲዞር ደረሰባቸው። «እንዴት ነው እናታችን፣ ወደዱት?»

«በጣም። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ማየቱ ጥሩ ነው።»

«ሐሳቡን ያመጣችው ይቺ ናት» አለ የመቋጫን ትከሻ እየነካ። «ተሸልማበታለች።»

እታለም እህቷን አየቻት። የምስክር ወረቀቱን በየሳምንቱ እሑድ በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውለው እሷ ናት። «ጎበዝ ናት» አለች። «እናቷ ብታያት ደስ ይላት ነበር።»

«እናቷን ያውቋቸዋል እንዴ?»

መቋጫ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ኧረ የት አውቃቸው» አለች እታለም። «አስተዳደጓን አይቼ ነው።»

እታለም የአስተያየት ወረቀቱን ሞልታ፣ አጥፋ፣ በሩ ጋ ያለው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ለጥበቃው ሳይቀር እጅ ነሥታ ወጣች። መቋጫ እስከ ደረጃው ልትሸኛት ተነሥታ ነበር፤ ቀይ ጥፍሯ ቀና ስትል ስታያት ወንበሩን እንደምታስተካክል አስመሰለች።

አሥር ሰዓት ላይ ወረቀቶቹን የመለየት ሥራ የተሰጠው ለመቋጫ ነው። ከአሥራ ሁለቱ የእታለምን ሳትፈልገው አወቀችው። ፊደሎቹ ትልልቅና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ «ለ»ን እግሯን አስረዝማ የምትጽፋት ራሷ መቋጫ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ትጽፋት እንደነበረው ነው። መቋጫ ያንን አጻጻፍ ትታዋለች፤ እታለም ግን እንደተማረችው ቀርታለች። አጠቃቀሙ ቀላል ነው ወይ ለሚለው «አዎ» ይላል። ያገለገለዎት ሠራተኛ እንዴት ነበር ለሚለው «ጨዋ ናት»። በመጨረሻ፣ በገጽዎ ላይ የተሳሳተ መረጃ ካለ ይግለጹ የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ ብዕሩ ጠበቅ ተደርጎ ተጽፏል።

«የመኪናው ቁጥር መጨረሻው ሦስት አይደለም፤ ስምንት ነው። ሌላው ሁሉ ልክ ነው።»

መቋጫ ወረቀቱን አገላብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። በስተጀርባዋ ይሁና ጃኬቱን እየለበሰ፣ ደንበኞቹ ያረሙትን ዛሬውኑ በዋናው መዝገብ ላይ እንድታስገባ ነገራት። የጠዋት አስተያየትሽም ጸድቋል አላት፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማስታወሻን ከሠራተኛ በቀር የሚያይ የለም። ባለሙያዋ ስምሽን ጠይቃ ጻፈች፣ ይሁና፣ ሌላ ምስክር ወረቀት ሳይመጣ አይቀርም አላት።

የእታለምን ገጽ ከፈተች። ሦስቱን አጥፍታ ስምንት አደረገችው። ከዚያ ወደ ታች ወረደች። በጠዋት ያጸዳችው ሣጥን ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። አዳራሹ ባዶ ነው፤ የሚያያት የለም። ያን ጊዜ ጻፈችው። «እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት።» ከሥሩ ስሟና ቀኑ በራሱ ተመዘገበ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ውሸቱ ለእታለም እስኪነበብ ድረስ ክፍት ነበር፤ እውነቱ ግን፣ ራሷ መቋጫ በጠዋት በሰጠችው አስተያየት ምክንያት፣ እታለም በማታየው ቦታ ተጻፈ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና ጣሪያ ላይ ነበረች። ሰማያዊው ቀሚስ ወደ ሻንጣው ተመልሷል። እታለም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ትልቅ መጋረጃ መኪናው ላይ ዘርግታ ጠርዙን ታጥፋለች። መነጽሩ የለም። የምስክር ወረቀቱ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ እንዲያውም ተቃንቷል። መቋጫ ይህን ሳታይ ብትቀር ደስ ባላት ነበር።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» አለች እታለም፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ደህና።»

«ቁጥሩን አስተካከሉት?»

«አስተካከልነው።»

«ጎሽ። ራትሽ ተከድኗል።»

መቋጫ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ነገር ነበራት፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብላው ሦስቱንም ጊዜ አምሮላት ነበር። አንድ ቃል ከአንደበቷ እስኪወጣ እታለም ቀና ብላ ጠበቀቻት፤ ወይም የጠበቀቻት መሰላት። ከዚያ እታለም እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። መኪናዋ ተነሣ፤ ድምፁ ሁለቱንም ክፍል ሞላ። መቋጫ እስኪያቆም ልጠብቅ ብላ የወንበሩን ኮሌታዎች አንሥታ ተቀመጠች። እታለም የያዘችው ግን መጋረጃ ነበር፤ ረጅም ስፌት ነው።